የጥንቱ ካርታና የዛሬው ካርታ፤
የሐዲያና የከምባታ ስም በአገሩ ላይ ስለ መዘዋወሩና ስለ መጽናቱ

በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ አንድ የአገር ስም በተነሣ ጊዜ መምህሩ ዝም ብሎ አያልፈውም። አገሪቱ በየት ወገን እንዳለች፣ በዚያን ዘመን ማን ይገዛት እንደ ነበር፣ ዛሬም በምን ስም እንደምትጠራ ይናገራል፤ ቦታውን ያላወቀ ደቀ መዝሙር ታሪኩን እንደ ተረት ይሰማዋልና። ይህ የጥንቱን አገር ከዛሬው አገር ጋራ የማስተያየት ሥራ በኋላ ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ምድር ጐን ለጐን የሚያሳዩ የካርታ መጻሕፍት ወጥተውለታል፤ እነዚህም አትላስ ይባላሉ። በሆሣዕናና በዙሪያዋ ላለ ሕዝብ ይህ ትምህርት የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ሐዲያ የሚለው ስም በታሪክ መጻሕፍት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲጻፍ የኖረ ነው፤ ነገር ግን የጥንቱ ጸሐፊ ሐዲያ ባለ ጊዜ ያሰበው ምድርና የዛሬው አንባቢ የሚያስበው ምድር አንድ አይደለም። ይህን ሳይለይ የሚያነብ ሰው ብዙ ይስታል።

የትምህርቱ ሥር ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ፣ በሃይማኖቱ ነገር ከአርዮስ ወዳጆች ጋራ ተቈጥሮ የተነቀፈ ቢሆንም በታሪክ ጸሐፊነቱ ግን በዘመኑ የሚተካከለው አልነበረም፤ እርሱ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኙትን የቦታ ስሞች በፊደል ተራ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ቦታ በእርሱ ዘመን ምን እንደሚባልና ከታወቀው ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፈ። ይህንንም መጽሐፍ ጄሮም የተባለው ሊቅ ወደ ሮማይስጥ መለሰው። ከዚያ በኋላ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ከዮርዳኖስ ማዶ በመድባ ከተማ፣ የቅድስት አገር ካርታ በቀለም ደንጊያ ተለቅሞ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተሠራ። እስከ ዛሬም ከፊሉ በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል። ምእመናን ለቅዳሴ ሲቆሙ ኢየሩሳሌምን ከእግራቸው ሥር ያዩ ነበር ማለት ነው።

የዓለም ሁሉ ካርታ ግን የተነሣው በእስክንድርያው በበጥሊሞስ ነው። በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን፣ የከተሞችን ስምና ቦታቸውን በቍጥር ለክቶ በመጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉም አክሱምና አዱሊስ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ ያለውን ደጋ ግን አላወቀውም፤ የዓባይን ምንጭም የጨረቃ ተራሮች ከሚላቸው ከሩቅ ደቡብ አመጣው። ይህ መጽሐፍ በአውሮፓ መታተም በጀመረ ጊዜ አታሚዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። በጥሊሞስ የጻፈው ምድርና መርከበኞች የሚያዩት ምድር አልተስማማም። ስለዚህ በፈረንጅ ቍጥር በ1482 በኡልም ከተማ ሲያትሙት የጥንቱን 27 ካርታ እንዳለ ትተው አዲስ 5 ካርታ ጨመሩበት። በ1513 በስትራስቡርግ ሲታተም ደግሞ አዲሶቹ 20 ሆኑ። አሮጌውን ሳይሽሩ አዲሱን በጐኑ ማኖር ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴልዮስ በ1570 የዘመኑን የዓለም ካርታ በአንድ ጥራዝ አወጣ፤ ከ1579 ጀምሮም የጥንቱን ዘመን አገሮች ብቻ የሚያሳይ ክፍል ጨመረበት።

ይኸው ኦርቴልዮስ በ1573 የኢትዮጵያን ነገሥታት ግዛት ካርታ አሳትሟል። አውሮፓውያን ቄስ ዮሐንስ በሚሉት ስም የተሰየመ ነው። ካርታውን ላየ ሰው ግርማው ያስደንቃል፤ ነገር ግን አገራችን ከምድር ወገብ አልፋ እጅግ ወደ ደቡብ ተለጥጣ፣ ሐይቆቿም ያልነበሩበት ቦታ ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ የሆነው ጸሐፊው ከነጋዴና ከመልእክተኛ አፍ የሰማውን የእኛን አገር ስም ሁሉ ይዞ፣ በጥሊሞስ ባዶ በተወው ምድር ላይ ስለ በተነው ነው። ስሙ እውነት ነው፤ ቦታው ግን ሐሰት ነው። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ እንደሚገኝ ሁሉ፣ በካርታ ቤትም እንደዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተሻለ ሥራ የሠሩት ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት አፍ የጠየቁት ናቸው። በቬኔዝያ አጠገብ ባለ ገዳም የነበረ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኵሴ በ1450ዎቹ ታላቅ የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ ሐበሻ አገር የጻፈውን ያገኘው በዚያ አገር ከተወለዱ መነኰሳት መሆኑን፣ እነርሱም አገሮችንና ወንዞችን ተራሮችንም በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፎአል። ስለዚህ ዓባይና አዋሽ በካርታው ላይ በስማቸው ይገኛሉ። እንዲሁም ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ፣ የአምሐራው መነኵሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስላስተማሩት፣ የፖርቱጋል ሰዎች የሠሩትን ካርታ በእርሳቸው ቃል አርሞ በ1683 አዲስ ካርታ አወጣ። ደግሞም ዳንቪል የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1749 የአፍሪካን ካርታ ሲሠራ፣ ያልተረጋገጠውን ሁሉ ፍቆ ቦታውን ባዶ ተወው። ባዶ መተዉ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ቈጥሮበታል፤ ነገር ግን የማያውቀውን በዝሆንና በአንበሳ ሥዕል ከሚሞላው ይልቅ እርሱ ይመሰገናል።

አሁን ወደ ሐዲያ እንመለስ። ሐዲያ በእርግጥ ተጽፎ የሚገኘው ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ላይ በሰፈረው ጽሑፍ፣ ንጉሡ በ1309 ዓ.ም. ግድም እግዚአብሔር የዳሞትንና የሐዲያን ሕዝብ በእጁ እንደ ሰጠው ይነገራል። በዜና መዋዕሉም የሐዲያ ንጉሥ አማኖ መገበርን እምቢ እንዳለ፣ ንጉሡም ዘምቶ አገሩን እንደ መታ ተጽፎአል። በዚያው ዘመን በግብፅ የነበረ አል ዑመሪ የሚባል የዐረብ ጸሐፊ ከዘይላዕ ሰው ጠይቆ ሰባት የእስላም መንግሥታትን ቈጠረ፤ እነርሱም ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርካ፣ ባሊና ዳራ ናቸው። ስለ ሐዲያ ሲናገር ርዝመቱ የ8 ቀን፣ ወርዱ የ9 ቀን መንገድ መሆኑን፣ ንጉሡም 40000 ፈረሰኛ እንዳለው ይጽፋል፤ በገበያቸውም እንደ መርፌ ያለ፣ ሐኩና የሚባል የብረት ገንዘብ ይሠራበት ነበር። የፈረሰኛው ቍጥር በነጋዴ አፍ የተነገረ ስለ ሆነ እንዳለ መቀበል አያስፈልግም። የ8 ቀንና የ9 ቀን መንገድ የተባለው ግን ልብ ሊባል ይገባል። ከሆሣዕና ተነሥቶ 8 ቀን የሚሄድ እግረኛ ከዛሬው የሐዲያ ዞን ወሰን ወጥቶ ሩቅ አገር ይደርሳልና።

እንግዲህ ያ ሰፊው ሐዲያ ወዴት ነበር? አል ዑመሪ ሐዲያን የሚጠራው ከደዋሮና ከባሊ ጋራ ነው፤ እነዚህም በምሥራቅ በኩል ያሉ አገሮች ናቸው። የሐዲያን ታሪክ በብዙ ድካም መርምሮ በፈረንጅ ቍጥር በ1980 መጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው ኡልሪክ ብራውኬምፐር፣ ከሽማግሎች የቃል ታሪክና ከጽሑፍ አስተባብሮ እንዳሳየው፣ የጥንቱ ሐዲያ ዛሬ አርሲና ባሌ ወደሚባሉት አገሮች ይዘልቅ ነበር። ሐዲያም የአንድ ቋንቋ ሕዝብ ስም ብቻ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወገኖች ያሉበት የመንግሥት ስም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በፈረንጅ ቍጥር በኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩ ታወከ፤ ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ በሰፊው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ከሐዲያ ከፊሉ በቦታው ቀርቶ ከኦሮሞ ጋራ አንድ ሆነ፤ ከፊሉም እየተገፋ ወደ ምዕራብ መጥቶ በግቤና በብላቴ ወንዞች መካከል ሰፈረ። ስለዚህ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ትውልዳችን ከሐዲያ ነው የሚሉ ጐሣዎች ብዙ ናቸው። በቆሼ አካባቢ ያሉት ማረቆዎችም ከሐዲይኛ ጋራ እጅግ የተቀራረበ ቋንቋ ይናገራሉ። ሕዝቡ ስሙን እንደ ታቦት ተሸክሞ ሲጓዝ፣ ካርታው በስተ ኋላው እየተከተለ ተጽፎአል።

በዚህ ነገር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሊረሷት የማይገባ አንዲት ሴት አለች። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሕመድ ልጅ ነበረች፤ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ንግሥት ሆነች። ከእርሱም በኋላ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ድረስ ኖራ፣ በልብነ ድንግል ሕፃንነት ጊዜ መንግሥቱን በምክር ይዛ፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ እርሱም በፈረንጅ ቍጥር በ1514 ሊዝቦን ደረሰ። ለመልሱ ከመጡት ጋራ የነበረ ቄስ አልቫሬዝ በ1540 ባሳተመው መጽሐፍ የሐዲያን ስም አዴያ ብሎ ጽፎአል። አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ያወቀችው ብዙው ነገር የተጀመረ ከሐዲያ በተወለደች ሴት መልእክት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለ እርሷ በሆሣዕና ሰንበት ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚነገር አንባቢ ራሱን ይጠይቅ።

የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ለካርታ ሥራ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። የመሕመድ ልጅ ማሂኮ በንጉሡ ላይ ባመፀ ጊዜ ከእርሱ ጋራ ያበሩትን ገራዶች በየአገራቸው ስም ይቈጥራል፤ ከእነዚህም መካከል ቀቤናና ሐላብ ይገኛሉ። ቀቤና የሚለው ስም ዛሬ በወልቂጤ አካባቢ ያለ ሕዝብ ስም ነው፤ ሐላብም ከተማው ቁሊቶ የሆነው ሐላባ ነው። በዚያን ጊዜ እነዚህ ወገኖች በየት ሰፍረው እንደ ነበር ዜና መዋዕሉ አይለካም፤ የንጉሥ ጸሐፊ ማን እንደ ገበረና ማን እንዳመፀ ይጽፋል እንጂ ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ አይጨነቅበትም። ስለዚህ የዛሬ ሰው ቀቤናን ከዜና መዋዕሉ አንሥቶ በዛሬው ወረዳ ላይ ቢለጥፈው፣ ኦርቴልዮስ የሠራውን ስሕተት ራሱ ደገመው ማለት ነው።

የከምባታ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሐዲያ ስሙን ይዞ የተጓዘ ሲሆን ከምባታ በተራራው ሥር የቆመ ነው። ሀምበሪቾ የሚባለው ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በአባቶች ወግ የከምባታ ሰባቱ ነገዶች መጀመሪያ የሰፈሩ በእርሱ ላይ ነው ይባላል። ተራራ አይሰደድም። ግዛቱ በዎማዎች ዘመን ሲሰፋና ሲጠብ ኖሮአል፤ የስሙ ሥር ግን ከሀምበሪቾ አልራቀም። ስለ ከምባታ በሩቅ አገር ካርታ እንዲጻፍ ያደረገው አንድ መንገድ ነው። በፈረንጅ ቍጥር በ1613 ዐፄ ሱስንዮስ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የሚባለውን የኢየሱሳውያን ቄስና ፍቁረ እግዚእ የተባለውን መልእክተኛ፣ ቱርኮች ምጽዋን ስለ ያዙ ሌላ መንገድ ፈልገው በህንድ ውቅያኖስ ዳር ወዳለችው ወደ ማሊንዲ እንዲደርሱ ላካቸው። ሱስንዮስ በሃይማኖት ነገር ያደረገው ለቤተ ክርስቲያን መራራ ትዝታ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰው የእነዚህን ሰዎች ጽሑፍ ማንበብ አይወድም። መንገዱን ግን ያዩት እነርሱ ናቸውና ስለ መንገዱ ምስክርነታቸው ይፈለጋል። ከጐጃም ተነሥተው በእናርያ አለፉ፤ የግቤን ወንዝ ተሻግረው ወደ የም አገር ገቡ። ከዚያም ሲወጡ ወንዙን ዳግመኛ ያገኙት ጊዜ ድልድይ የለውምና በተነፋ የላም ቆዳ ላይ ተንሳፍፈው ተሻገሩ፤ እንዲህም ሆነው ከምባታ ደረሱ። የከምባታው ገዢ ሐመልማል ይባል ነበር። ከከምባታ አልፈው ወደ አላባ በገቡ ጊዜ ግን አሊኮ የሚባለው የአገሩ ገዢ ያዛቸው፤ በኋላም ወደ ፊት መሄዱን ከልክሎ መለሳቸው። ባሕሩን ሳያዩ በ1614 ተመለሱ። በዚህ መንገድ የሰሙትና ያዩት የአገር ስም በፖርቱጋላዊው በአልሜዳ ካርታ ገባ፤ ከዚያም ወደ ሉዶልፍ ተላለፈ። ስለዚህ በሉዶልፍ ካርታ በደቡብ ጫፍ ከምባታ የሚል ስም ተጽፎ የሚታየው የጥቂት መንገደኞች ድካም ዋጋ ነው። የዚያን ዘመን ካርታ የሚያነብ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ መንገደኛው ባለፈበት ስም ይበዛል፤ ባላለፈበት ምድሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑም ሰው አልነበረበትም ማለት አይደለም። ደግሞም የየም ሕዝብ በእነዚያ መጻሕፍት የተጻፈው ራሱን በሚጠራበት ስም ሳይሆን ጎረቤት ባወጣለት ስም ነው፤ ይህም ስም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከካርታ ወደ ካርታ ሲገለበጥ ኖሮአል።

ስለ ሆሣዕና ከተማ ደግሞ እንናገር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ግድም፣ ከአዲስ አበባም 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የቀድሞው የቦታው ስም ዋቸሞ ነው። የአገሩ ሽማግሎች እንደሚናገሩት፣ ራስ አባተ ቧ ያለው አገሩን ይገዙ በነበረ ጊዜ በሆሣዕና በዓል ስለ ገቡበት ከተማው በበዓሉ ስም ተጠራ። ሆሣዕና በዕብራይስጥ እባክህ አሁን አድነን ማለት ስለ ሆነ፣ የከተማው ስም ራሱ ጸሎት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በደቡብ የተቈረቈሩ ከተሞች ብዙዎቹ ሁለት ስም አላቸው፤ አንደኛው የአገሬው ነው፤ ሁለተኛው ከሰፈረው ጦር ጋራ የመጣ ነው። የካርታ ሠሪዎች ሁለተኛውን ጽፈው የመጀመሪያውን ሲተዉ የአገሩ ግማሽ ታሪክ ይጠፋል።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ካርታው አላረፈም። ሆሣዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ኖረች። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በፈረንጅ ቍጥር በ1970 ባወጡት የኢትዮጵያ አትላስ፣ ጠቅላይ ግዛትና አውራጃ የሚሉት የዚያን ዘመን ክፍሎች ናቸው። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ብሔራዊ አትላስ በ1988 ሲወጣ ያ አከፋፈል አልፎ ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ በደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሆሣዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች። በዚያው ጊዜ የቀድሞው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ተከፍሎ የከምባታ ዞን ዋና ከተማው ዱራሜ እንደ ሆነ ቀጠለ፤ ጠምባሮም ልዩ ወረዳ ሆነ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከቤቱ ሳይነሣ በአራት ካርታ ላይ ኖሮአል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተያይ መጽሐፍ ከተፈለገ፣ እንግሊዛዊው ሀንቲንግፎርድ የጻፈው፣ እርሱም ከሞተ በኋላ በሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅነት በፈረንጅ ቍጥር በ1989 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪካዊ ጂኦግራፊ ይገኛል። ከመጀመሪያው መቶ ዓመት እስከ 1704 ያሉትን የቦታ ስሞች በየዘመናቸው ለይቶ ያስቀመጠ ነው። ድካሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ከወረቀት የወጣ ስለ ሆነ፣ በሽማግሌ አፍ ብቻ ያለውን የኰረብታና የወንዝ ስም አያውቅም። ያንን ሊሞላ የሚችለው በአገሩ የሚኖር ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በአሁኑ ዘመን አሮጌ ካርታ አንሥቶ «ይህ ስም እዚህ ተጽፎአልና ይህ መሬት የእኔ ነው» የሚል ሰው በየወገኑ ተነሥቶአል። የጥንቱን ሐዲያ ስፋት አይቶ በአርሲ ላይ የሚከራከር ቢኖር፣ በአርሲ ያለው የሐዲያ ተወላጅ ዛሬ ኦሮሞ መሆኑን ይርሳ ይሆን? ደግሞም የከተማውን ወጣትነት አይቶ «ሐዲያ ትናንት የመጣ ነው» የሚል ቢኖር፣ የሐይቅን ወንጌልና የእሌኒን ታሪክ አላነበበም። አሮጌ ካርታ የመሬት ደብተር አይደለም፤ የተሠራበትን ዘመን ዕውቀትና አለማወቅ የሚያሳይ ምስክር ነው። ምስክርም ሲጠየቅ ከየት ቆሞ እንዳየ አስቀድሞ ይጠየቃል።

በደብሩ ያሉ ካህናት በዚህ በኩል የሚሠሩት ሥራ አለ። የልደት፣ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ሲጻፍ የሰውዬው አገር ሆሣዕና ተብሎ ብቻ እንዳይቀር፣ ቀበሌውንና የአገሬውን የመንደር ስም፣ ኰረብታውንና ምንጩንም በአገሬው አነጋገር ጨምሮ መጻፍ ነው። በሐዲይኛና በከምባትኛ ያለ ድምፅ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ እንዳይጣመም የቋንቋውን ተናጋሪ አጠገብ አስቀምጦ ማስነበብ ይገባል፤ አልቫሬዝ ሐዲያን አዴያ ያለው እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ስላጣ ነውና። ዋቸሞ የሚለው ስም ከከተማው ካርታ ከወረደ በኋላ ብዙ ዓመት በሽማግሎች አፍ ብቻ ኖሮ፣ በእኛ ዘመን በሆሣዕና የተሠራው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ተብሎ በተሰየመ ጊዜ እንደ ገና በጽሑፍ ገብቶአል፤ አሁንም ወደ ከተማው የሚመጣ መንገደኛ በሰሌዳው ላይ ያነበዋል።